መንገድ የዘጋው ጉማሬ

ተረት ልነግራችሁ ነውና ጠጋ ጠጋ በሉ።

በአንድ ጫካ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘጋ። ትንሹ ጦጣ፣ ሚዳቋና ጃርት መዋያ አጥተው ሲንቀዋለሉ ሰነበቱና አንድ ቀን ወንዝ ወርደው ሊዋኙ ተስማሙ። የጦጣው እናት እመት ጦጢት ጠዋት ለሥራ ስትወጣ «ወንዝ እንዳትሄዱ» ብላ ነበር። ግን ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ስለነበር ማንም አልሰማትም።

ወደ ወንዙ የምታወርደው አንዲት ጠባብ መንገድ ናት። እሷም ላይ በስንፍናው የታወቀው አያ ጉማሬ ተጋድሞባታል።

«አያ ጉማሬ፣ እባክዎ ያሳልፉን» አለ ትንሹ ጦጣ።

«ብዙ በልቼ መነሳት አቃተኝ። እስኪቀለኝ ጀርባዬን እከኩልኝ፤ እኔም በልጅነቴ አዞን እንዴት እንዳሞኘሁት ላውራችሁ።»

ልጆቹ እያከኩለት ወሬውን ሲሰሙ፣ ደራሽ ጎርፍ እያጓራ መጥቶ ሊዋኙበት ባሰቡት ቦታ ላይ ትልቅ ዋርካ ከነሥሩ ይዞ አለፈ። ጃርት በድንጋጤ ጉማሬው ሆድ ሥር ተሸጎጠች። እሾኋ ቢወጋውም ንቅንቅ አላለም።

እመት ጦጢት የጎርፉን ድምፅ ሰምታ እያለከለከች ደረሰች። ልጇን አቅፋ ቀና ስትል ጉማሬው ከስቶ፣ በዙሪያው ያለውም ሣር ተግጦ አልቆ አየች።

«አያ ጉማሬ፣ እዚህ ከተጋደሙ ስንት ቀንዎ ነው?»

«ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ጀምሮ» አላት።

በማግስቱ እመት ጦጢት አንድ ሸክም ሣር ይዛ መጣች። «ይነሱና ይብሉ፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው» ብላ መንገዱ ላይ ተቀመጠች።

ተረቴን ጨረስኩ፤ ጉሮሮዬ ደርቋልና ውሃ አቀብሉኝ።