ተነቅሎ ለሚመለስ የተጻፈ ሕግ

አንዲት የኮምፒውተር መረብ ባለሙያ ነበረች። በምትሠራበት ትምህርት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች በኦንላይን ሊፈተኑ ነው። ኢንተርኔቱ የሚገባው ከፍላሽ በማትበልጥ፣ በምትነቀልና በምትሰካ ዕቃ ነው። እሷም ሊኑክስ በሚባል ሶፍትዌር በሚሠራው ዋና ኮምፒውተር ውስጥ ድልድይ ዘረጋች፤ በወዲህ አርባ ኮምፒውተር፣ በወዲያ ያቺ ዕቃ፤ ሁሉም አንድ መረብ ሆነ። ኮራች፤ ለምን አትኮራ? እሰይ የሚያሰኝ ሥራ ነው።

በፈተናው ዕለት ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ሽታዬ ወለሉን ሊያጥቡ ገቡ። ውሃ እንዳይነካት ብለው ዕቃዋን ነቀሏት፤ ሲጨርሱ መልሰው ሰኳት። ግን በሌላ ቀዳዳ። መረቡ ጭጭ አለ።

ልጆቹ በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። ርእሰ መምህሩ ፊታቸው ጠቁሮ ማን እንደነካው ይጠይቃሉ። እትዬ ሽታዬ ከሥራ እንዳይባረሩ ፈርተው ጥግ ይዘዋል፤ የእንጀራ ነገር ነዋ።

ባለሙያዋስ ጣቷን ቀሰረች? የለም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ድልድዩ ዕቃዋን እንዲያውቃት ያደረግኩት በተሰካችበት ቀዳዳ ነው። ተነቅላ እንደምትመለስ አላሰብኩም።»

ቁጭ ብላ አዲስ ሕግ ጻፈች፦ ይህችን ዕቃ ሠሪዋ ባተመባት ቁጥር እወቃት፤ መቼም ትምጣ፣ በየትም ትምጣ፣ አስገባት። ከዚያ እትዬ ሽታዬን ጠርታ ዕቃዋን ራሳቸው ነቅለው ደስ ባላቸው ቀዳዳ እንዲሰኳት ለመነቻቸው። እየፈሩ ሰኳት። መረቡ ተመለሰ፤ ልጆቹም ገብተው ተፈተኑ።

ወገኖቼ፣ ይህች ሴት በዚህ ጉባኤ ያደገች ልጃችን ናት። እኔ ኮርቼባታለሁ፤ እናንተም ኩሩባት። ግን እኛስ?

እኛ ሰውን በምን እናውቀዋለን? በሚቀመጥበት ወንበር? በሚያገለግልበት ክፍል? ከዚያ ተነቅሎ በሌላ ቦታ ብቅ ሲል አላውቅህም እንለዋለን? እግዚአብሔር መልኩን ያተመው በሰውዬው ላይ ነው ወይስ በወንበሩ ላይ?

ባለፈው እሑድ አንድ ወንድም ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ድሮ ከመዘምራን ጋር ነበር የሚቆመው፤ ያን ዕለት ከኋላ ተቀመጠ። እንግዶች ብድግ በሉ ስል አብሮ ተነሣ። እኛም አጨበጨብንለት። በገዛ ቤቱ!

ያስነሣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ዛሬም መጥቷል። ስትወጡ አታጨብጭቡለት፤ በስሙ ጥሩት።