የእትዬ ዘርፌ ጤፍና የአስናቀ ቧንቧ

ይቺን አባባል ዛሬ ማንም እየተነሣ ማንም ላይ ይወረውራታል፤ ከየት እንደመጣች ግን ጠይቁት፣ አያውቅም። እኔ ግን በሰማኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ስትነገር እዚያው ቆሜ ነበራ!

እትዬ ዘርፌ ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አራት ልጆቻቸውን የሚያበሉት ወንድማቸው በዓመት አንዴ ከገጠር በሚልክላቸው ጤፍ ነው። ጤፉ በጆንያ ሆኖ ከጓዳው የጭቃ ግድግዳ ሥር ይደረደራል። ሌላ ቀለብ የላቸውም።

ያን ዓመት ቧንቧ ጓዳዬ ድረስ ይግባልኝ አሉ። የመጣላቸው አስናቀ ነው፤ «እኔ ያጠበቅሁትን ቧንቧ እኔም ራሴ አልፈታውም» እያለ ሰፈሩን የሚያደነቁረው። ቧንቧውን በግድግዳው ውስጥ አሳልፎ፣ ልክ ከጤፉ በላይ አገጣጠመና ሊመርግበት ጭቃ ማቡካት ጀመረ። ይሄኔ ጋሽ ደምሰው ደረሱ። ዐይናቸው እስኪደክም ድረስ ቧንቧ ሲገጥሙ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። መጋጠሚያውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«አስናቀ፣ ቃጫው የታለ?»

«ምን ያደርግልኛል?»

«ጥርሱ ላይ ይጠመጠማላ! ቃጫ ጠምጥመህ፣ ቀለም ቀብተህ ነው እንጂ ብረት ለብረት ብቻውን ውሃ ይይዛል እንዴ?»

«እሱ ጉልበት ለሌለው ነው ጋሼ። እኔ ሳጠብቀው ጥርስ ከጥርስ ይናከሳል።»

«እሺ፣ እንዳልክ ይሁን። ግን ዛሬ አትምረገው። ውሃው ይምጣና እየው።»

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ በስምንት ቀን አንዴ። ያን ዕለት ተራችን ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል። አስናቀ ቱግ አለ።

«ለአንዲት መጋጠሚያ አምስት ቀን ልቆም ነው? እትዬ ዘርፌ፣ ምረጡ! ወይ እኔን ወይ እሳቸውን!»

ምን ያድርጉ? ባለሙያ አስቀይመው ሥራው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ፈሩ። «ተዉት ጋሽ ደምሰው፣ እሱ ያውቃል» አሉ። እኛም ተሰብስበን አየነው። ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ደረቅ ነው። መረገ፣ ለሰነ፣ ተመርቆ ሄደ።

በአራተኛው ቀን እትዬ ዘርፌ የአክስታቸው መርዶ መጣባቸውና ልጆቹን ይዘው ለቅሶ ሄዱ። ውሃው በማግስቱ መጣ። ቤቱ ተቆልፏል፣ ማን ይየው? ከአምስት ቀን በኋላ ተመልሰው በሩን ሲከፍቱ የጮሁት ጩኸት ሰፈሩን ሁሉ አስወጣው። ግድግዳው አብጦ አብጦ ጤፉ ላይ ተንዷል። ጆንያውን ስንፈታው በቅሏል፣ አረንጓዴ ሆኗል። የአራት ልጆች የዓመት ጉርሻ! እትዬ ዘርፌ አንድ እፍኝ ዘግነው «ይኼ ይፈጫል? አይፈጭም?» እያሉ በየተራ ይጠይቁናል።

አስናቀ ተጠርቶ መጣ። ይቅርታ የሚል መስሏችሁ ነው? ኧረ ወዲያ! ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

«ጥፋቱ የውሃው ነው፤ በኃይል ስለመጣ ነው። እኔ ስሄድ ጠብታ ነበረ? እናንተው አይታችኋል፣ መስክሩ!»

ዐይን አውጣ! የባሰው ደግሞ የእኛ ሰው ነው። አንዱ አገጩን እያሻሸ «እሱስ እውነቱን ነው፣ ያኔ ደህና ነበር» አይል መሰላችሁ? ሌላውም «አዎ፣ ደህና ነበር» ብሎ ተከተለው። እትዬ ዘርፌ በቆሙበት!

ጋሽ ደምሰው ግን ጎንበስ ብለው መጋጠሚያውን ከጭቃው ውስጥ ፈልገው ዳሰሱት። አንዲት ክር ቃጫ የለበትም። ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና መጀመሪያ አስናቀን፣ ቀጥለው ምስክሮቹን አዩዋቸው።

«መስክሩለት እንጂ፣ ምን አለበት!» አሉ፤ «ውሃው እስኪመጣ ቧንቧ ሁሉ ደህና ነው።»