የጣሪያ ግብር

ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝማ፤ እንስሳት ከተማ ቆርቁረው በሚኖሩበት ዘመን ነው። ከንቲባው አያ ዝሆን ለድልድይ ማሠሪያ ገንዘብ አነሰውና፣ «ጣሪያ ያለው ሁሉ ግብር ይክፈል» ብሎ አስለፈፈ።

እመት ጦጣ ጎረቤቶቿን ሰብስባ፣ «ጣሪያችንን ካፈረስን ምን ብሎ ያስከፍለናል?» አለች። ሁሉም አፈረሱ። ጣሪያዋ ከጀርባዋ አልነቀል ያላት ኤሊ ብቻ እያዘገመች ሄዳ ከፈለች።

በማግስቱ ዶፍ ዝናብ ወረደ። ጣሪያ የቀረው ማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ነበርና ከተማው በሙሉ ወደዚያው ሮጠ። ዝሆን ሊከለክላቸው ደጅ ሲወጣ በእግሮቹ መሃል እየሾለኩ ገብተው አዳራሹን ሞሉት፤ እሱ መግቢያ አጣ።

ዝናቡ እየወረደበት ቆሞ ሳለ፣ ኤሊ ከጣሪያዋ ሥር አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ጌታዬ፣ ይግቡ እንዳልልዎት ቤቴ ጠባብ ነው» አለችው። «ግብሩን ግን ከፍያለሁ።»