ንጉሡ ከፊት ወንበር የተነሳበት ቀን

አንድ ጊዜ እንስሳት አንዲት ሄሊኮፕተር ነበረቻቸው። አገራቸውን ጥልቅ ገደል ለሁለት ስለከፈለው፣ ማዶ ላሉት ጨው የሚደርሳቸው በእሷ ብቻ ነበር። ጨዉን እስከ መነሻው ሜዳ የምታደርሰው አህዪት ነበረች። ያ ሁሉ ብረት ከመሬት ተነስቶ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ባየች ቁጥር ጆሮዎቿ ይቆማሉ፤ የጎረሰችውን ሣር ማኘክ ትረሳለች። ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ስትሸከም ኖራለችና፣ እሷን የሚደንቃት የሄሊኮፕተሯ መብረር ሳይሆን አለማጋደሏ ነበር።

አብራሪው ዝንጀሮ አርጅቶ ስለነበር አህዪትን ሁለት ክረምት አስተማራት። ክብደት ብቻውን ብዙ እንደማይናገር፣ ከላይ የሚሽከረከረውን መዘውር ከተሸከመው ምሰሶ ባለው ርቀት ሲባዛ ግን ወዴት እንደሚጎትት እንደሚገልጥ ነገራት። አህዪት ይህን የተረዳች ዕለት ሜዳው ላይ ቆማ ዙሪያዋን አየች። ተራራው፣ ዛፉ፣ የራሷ ሆድ ሳይቀር፣ ሁሉም በማይታይ ምሰሶ ላይ ተመዝኖ የተንጠለጠለ መሰላት።

ዝንጀሮ ጡረታ ሲወጣ ንጉሥ አንበሳ ለአዲስ አብራሪ የፈቃድ ፈተና እንዲሰጥ አዘዘ። ፈታኝ ሆኖ የተሾመው ቀበሮ ነበር። ቀበሮ ደግሞ ጅብ ያስተረፈውን አጥንት እየጋጠ የሚያድር ነው፤ ጅብም ይህን ስለሚያውቅ ሳያጠና ተፈታኝ ሆኖ መጣ። አህዪትም ለፈተናው ቀረበች።

ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። ስልሳ ኪሎ አብራሪና ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ንጉሥ ከምሰሶው አንድ ሜትር ወደ ፊት ይቀመጣሉ። ስልሳ ኪሎ ጨውና መቶ አርባ ኪሎ ነዳጅ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ይሆናሉ። የአንዱ ወገን ብልጫ ከመቶ ሃምሳ ካለፈ መሪው አይታዘዝም። መንገዱ ስልሳ ኪሎ ነዳጅ ይፈጃል። ሄሊኮፕተሯ ማዶ ትደርሳለች?

ጅብ በመጀመሪያ ጨዉ ለአብራሪም ይቀመስ እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ ቀበሮ ያንሾካሾከለትን ጻፈ፤ የፊቱ በመቶ አሥር ብቻ ስለሚበልጥ ትደርሳለች የሚል ነው።

አህዪትም መቶ አሥር አገኘች፤ ነገር ግን ወረቀቱን አልሰጠችም። ድሮ ውኃ ስታመላልስ በግራ ጎኗ የሚጫነው ጀሪካን ያፈስ ነበር። ከምንጩ ስትነሳ ጭነቷ የተካከለ ነው፤ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ግን ወደ ቀኝ አጋድሎ ሊጥላት ይታገላል። ነዳጅም በመንገድ ላይ የሚያልቅ ጭነት ነው። ስለዚህ ነዳጁ ከኋላ ስልሳ ሲቀንስ የፊቱ ብልጫ መቶ ሰባ እንደሚሆን፣ ሄሊኮፕተሯም እንደማትደርስ፣ ንጉሡም ከምሰሶው ሥር መቀመጥ እንዳለባቸው ጻፈች።

ቀበሮ አንብቦ ሳቀ። «ንጉሥን ከወለል ላይ የምታስቀምጪ አንቺ ማን ነሽ? አህያ ይጭኗታል እንጂ ስለ ጭነት አትመክርም» አላት። ዜሮ ሰጣትና በወረቀቷ ከጅብ ያገኘውን አጥንት ጠቀለለ። ፈቃዱ በጅብ አንገት ላይ ተንጠለጠለ።

በማግሥቱ ጅብ አንበሳን ከጎኑ አስቀምጦ ተነሳ። አህዪት ጨው እንድታወርድ ታዛ ነበርና፣ ወንበር ስላልተሰጣት ከምሰሶው ሥር ወለሉ ላይ ተኛች። እዚያ ያለ ክብደት ወዴትም እንደማይጎትት ታውቃለች።

የመንገዱን ሁለት ሦስተኛ አልፈው ገና ገደሉ ላይ ሳሉ የሄሊኮፕተሯ አፍንጫ መዝቀጥ ጀመረ። ጅብ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ፤ ደግሞ ሳበ፤ መሪው ሆዱን ነካ። ሄሊኮፕተሯ ግን ቁልቁል መጋለቧን አልተወችም።

«ጃንሆይ፣ መሪው አለቀብኝ» አለ ጅብ።

አንበሳ ወደ ኋላ ዞረ። «አንቺ አህያ፣ የምታውቂው ነገር አለ?»

«ከዚያ ወንበር ይነሱ፣ ጃንሆይ።»

አንበሳን ከወንበሩ ተነስ ያለው ፍጡር እስከዚያ ቀን አልነበረም። እየተንፏቀቀ ተነሳና ከፍርሃቱ የተነሳ እስከ ጨዉ ድረስ ሊሄድ ሲል አህዪት በእግሯ አገደችው። «እዚያ ከሄዱ ደግሞ በጅራታችን እንወድቃለን። እዚህ፣ ከእኔ አጠገብ።»

ንጉሡ ከአህያ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የሄሊኮፕተሯ አፍንጫ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ጅብ ሆድ ላይ የተጣበቀው መሪ ተላቀቀ። በመስተዋቱ ፊት ቆሞ የነበረው ገደል ወደ ታች ወርዶ በቦታው ተኛ፤ የሰማይ ዳርም እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ አለ። ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ አካል አንድ ሜትር መራመዱ ነበር። አህዪት ሒሳቡን አስቀድማ ታውቀው ነበር፤ ሆኖም እንባዋ መጣ።

ማዶ ያሉት ጨዋቸውን አገኙ። ቀበሮ በአያ ጅቦ ብልሃት ንጉሡ መትረፋቸውን በአደባባይ አወጀ፤ አንበሳም ሰምቶ ዝም አለ። ፈቃዱ ከጅብ አንገት አልወረደም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጉሡ በረራው ከመጀመሩ በፊት ወደ አህዪት ጆሮ ጠጋ ይልና፣ ማንም ሳይሰማ «እመት አህዪት፣ ዛሬስ የት ልቀመጥ?» ይላታል።

ከዚህ የምንማረው ፈታኝ ለወዳጁ ሊያዳላ፣ ንጉሥም እውነቱን አይቶ ዝም ሊል ቢችልም፣ ገደል ላይ የተንጠለጠለ ሚዛን ግን ለማንም የማያዳላ መሆኑን ነው።