ሁሉንም «ትክክል» ያለው ፈታሽ

አንድ ሆስፒታል በደም ከረጢቶች ላይ የሚጻፈውን ቁጥር የሚፈትሽ ፕሮግራም አስፈለገውና ሥራውን ለጀማሪዋ ፕሮግራመር ለውዴነሽ ሰጣት። የእያንዳንዱ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር የመጨረሻ አሃዝ ዘብ ናት። ከፊቷ ያሉት አራቱ ሲደመሩ የድምሩ መጨረሻ አሃዝ ከእሷ ጋር ካልገጠመ፣ ቁጥሩ ተሳስቷል ማለት ነው።

ውዴነሽ ሦስት ፋንክሽኖች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የሚሠሩ የፕሮግራም ክፍሎች፣ ጻፈች። አንዷ ቁጥሩን ታዘጋጃለች፣ ሁለተኛዋ ትደምራለች፣ ሦስተኛዋ ታመሳክራለች፤ እንደ ጡብ አቀባዮች አንዷ ለሌላዋ። በሃያ ትክክለኛ ቁጥሮች ሞከረችው። ሃያውንም «ትክክል» አላት። ደስታዋን አትጠይቁኝ!

ሥራ በተጀመረበት ጠዋት አንዲት ወላድ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ደም ይፈሳት ነበር። ከረጢቱ መጣ፤ 41785። ውዴነሽ ቁጥሩን አስገባች፤ ፕሮግራሙ «ትክክል» አለ። ይዘው ሊሮጡ ሲሉ፣ ሠላሳ ዓመት የከረጢቶችን ቁጥር በእርሳስ ስትደምር የኖረችው ነርስ፣ ሲስተር ዘነበች፣ እጇን ጫነችበት።

«የስልኬ መጨረሻ 22229 ነው። እስቲ አስገቢልኝ።»

«ሲስተር፣ ዶክተሩ እየጮኹ ነው!»

«ይጩሁ። አስገቢ።»

«ትክክል» አለ ፕሮግራሙ።

«እሰይ! ስልኬም ደም ሆነልሽ።»

ውዴነሽ የሲስተርን እርሳስ ነጥቃ ከረጢቱ ላይ ያለውን ደመረች። አራት፣ አንድ፣ ሰባት፣ ስምንት፤ ሃያ። ዘቧ ዜሮ መሆን ነበረባት፤ የተጻፈችው አምስት ናት። ደሙ እንደገና ሲመረመር ለወላዷ የማይሆን፣ ለሌላ በሽተኛ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ። የእሷው ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ለጥቂት ደረሰላት።

ውዴነሽ ከዚያ በኋላ ነው ኮዷን የከፈተችው።

«የመጨረሻዋን አሃዝ የት ጣልሻት?» አለቻት ሲስተር።

የመጀመሪያዋ ፋንክሽን ቆርጣ ጥላታለች። ሦስተኛዋ የምታውቀው የተቀበለችውን ብቻ ነው፤ የደረሳት ድምሩ ብቻ ስለሆነ ድምሩን ከራሱ ጋር ታመሳክር ነበር።

«መስታወት ፊት ቆማ ‹እኔን ትመስያለሽ› ስትል ነዋ የዋለችው!» አለች ሲስተር።

ውዴነሽ አሃዟ እስከ መጨረሻዋ ፋንክሽን እንድትደርስ አድርጋ አስተካከለች። ከዚያ መጀመሪያ ያስገባችው የሲስተርን ስልክ ነው። «ስህተት» አላት። በዚህ ቃል ደስ ብሏት አያውቅም፤ ያን ቀን አለቀሰች።

ራሱን ከራሱ ጋር የሚያመሳክር ሰው ተሳስቶ አያውቅም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ፈታሽ የሚታወቀው ትክክሉን ሲያሳልፍ አይደለም፣ ስህተቱን ሲያስቆም ነው። እናንተስ? በዙሪያችሁ «ልክ ብላችኋል» ከሚሏችሁ መካከል፣ ስትስቱ እጁን የሚጭንባችሁ ስንቱ ነው?