የግንበኛው ቱምቢ

በአንድ ወቅት በጣና ዳር አንድ ፊታውራሪ ጉብታ ላይ የግንብ ቤት ያሠራ ነበር፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ ማዕዘኖቹ ክብ፣ ሰገነቱ ወደ ሐይቁ የሚያይ። ግንበኛው ቢሻው ከሦስት ወንዶች ልጆቹና ከቀን ሠራተኞች ጋር ያንጻል፤ ሚስቱ ደብሪቱ ኖራ ታቦካላቸዋለች። የሚኖሩትም ፊታውራሪው በሰጣቸው ጎጆ ነው።

የቀረው የትልቁ በር ቅስት ነበር። ድንጋዮቹ ተገጥመው ከሥር በእንጨት ተደግፈዋል፤ ኖራው ግን ያለ ወቅቱ በመጣ ዝናብ ርሷል። የፊታውራሪው ልጅ ሠርግ ደረሰ።

«በበቅሎዬ እንደተቀመጥኩ በዚህ በር እገባለሁ። እንጨቱን አንሱ!» አለ ፊታውራሪው።

«ጌታዬ፣ ኖራው ገና ነው» አለ ቢሻው።

«ሠርገኛ ያንተን ኖራ ሲጠብቅ አይውልም።»

የግንበኞች ደንብ ነው፦ ድጋፉ ሲነሳ ቅስቱን የሠራው ከሥሩ ይቆማል። ቢሻው ሄዶ ቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለዛሬ እንኳ ተወው!» አለች ደብሪቱ።

«ዛሬ ብሸሽ እስከ ዛሬ የቆምኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል።»

እንጨቱን እንዲነቅል የታዘዘው ታላቁ ልጅ አዛናው መዶሻውን ወረወረ። «የአባቴን መቃብር በእጄ አልቆፍርም» አለ። የፊታውራሪው አሽከሮች ጀርባው እስኪተለተል ገረፉት፤ ቃሉን አላጠፈም።

መካከለኛው መኳንንት መዶሻውን አነሳ። እሱም እንቢ ቢል አሽከሮቹ እንጨቱን ባንዴ ገንድሰው ግድግዳውን ርብራቡ ላይ ባሉት ሠራተኞች ላይ ሊንዱት ነው። ሠራተኞቹን አስወረደ፤ ከዚያ እያለቀሰ እንጨቶቹን አንድ በአንድ ነቀለ።

ቅስቱ ተሰነጠቀ። ታናሹ ደምለው ዘሎ ገባና አባቱን ጎተተው። ድንጋዩ ወረደ። አባቱን ከነነፍሱ አወጣው፤ የራሱ ቀኝ እጅ ግን ተጨፍልቆ ቀረ።

ድንጋዩ ደረቱን የደቆሰው ቢሻው እስኪመሽ ብቻ ቆየ። የግድግዳውን ቅንነት የሚለካበትን ባለክር ቱምቢ ለሚስቱ አስጨበጣት። «ለሚገባው ስጪው» ብሎ አረፈ። ቱምቢ የያዘ አለቃ ነው፤ ወንድሞቹ በቃሉ ያድራሉ።

ከቀብር መልስ የፊታውራሪው መልእክተኛ መጣ፦ «ዛሬ አለቃውን ካልነገራችሁን ጎጆውን ልቀቁ።»

«እኔ እጄን በደሙ አልነከርኩም» አለ አዛናው።

«እጅህ ንጹሕ ነው፤ እነዚያ ሠራተኞች ዛሬ ከልጆቻቸው ጋር የሚበሉት ግን በማን ነው?» አለ መኳንንት።

ደምለው የታሰረ እጁን አቀፈ። «ተከራከሩ። አባታችን የመጨረሻ ቃሉን ለእናታችን እንዲናገር ከድንጋይ ሥር ያወጣው ማን ሆነና?»

«በአንድ እጅህ ልትገነባ ነው?» አለው አዛናው።

ደብሪቱ ሦስቱንም አየቻቸው። ሁሉም አባቱን ይመስላል። መልእክተኛው ደጅ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ፦ ቱምቢው የሚገባው ለማን ነው?