አንጓችና የገልባጭ ወንዝ ገመድ

ስሙኝማ ልጆች! ድሮ ነው፤ የእናንተ ቅድመ አያቶች ገና ሳይታሰቡ። በገልባጭ ወንዝ ዳር አንጓች የምትባል አዋላጅ ነበረች። ምስኪን ድሃ ናት፤ ያገሩን ሕፃን ሁሉ በእጇ የተቀበለችው ግን እሷ ናት።

ያኔ በክረምት ወንዙን የሚሻገሩት ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ የቃጫ ገመድ ይዘው ነው። ለገመዱ ከየቤቱ አንድ አንድ ጭብጥ ቃጫ ይዋጣል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀደመና ገመዱ ሳይገመድ ወንዙ ሞላ። ይኼኔ ከማዶ ጥሪ መጣ።

«እትዬ አንጓች! ወለላ ምጥ ጠንቶባታል!»

ወለላ የአንጓች አንድ ልጇ ናት፤ ማዶ ነው የተዳረችው። ማዶ ደግሞ አዋላጅ የለም።

አንጓች ቤት ለቤት ዞረች። «ጭብጣችሁን ስጡኝ» አለች። የመጀመሪያው ቤት፣ «የኔ አንድ ጭብጥ ምን ይረባሻል? መጀመሪያ ሌላው ይስጥ» አላት። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም እንደዚያው። አይ ሰው! ባዶ እጇን ተመለሰች።

ከማዶ ደግመው ተጣሩ። አንጓች የጎጆዋ ጣሪያ የታሰረበትን ቃጫ ፈትታ ገመደችው። ወንዙ መሃል እንኳን አይደርስም። ያቺን ቁራጭ ተሸክማ እንደገና ዞረች። «ጣሪያዬ ይኸው፤ ከዚህ ላይ ቀጥሉልኝ» አለች። ሰው አፈረ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማንም እንዴ?» ተባባለ። ሁሉም ሰጠ። ገመዱ ጭብጥ በጭብጥ እየተቀጠለ ወፈረ፣ ረዘመ። ሲባጎ ከድንጋይ ጋር አስረው ማዶ ወረወሩ፤ የማዶ ሰዎችም በሲባጎው ገመዱን ስበው ከዛፍ ግንድ አሰሩት።

አንጓች ገመዱን ይዛ ገባች። መሃል ስትደርስ ከፊቷ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ውሃው ጠለፋት፤ አንድዬ ሲላት ግን የተረፈውን ጫፍ አልለቀቀችምና ጎትተው አወጧት። የተበጠሰውን ቦታ ቢያዩት አንድ የበሰበሰ ጭብጥ! አንዱ፣ «ከዚህ ሁሉ መሃል ማን ያይብኛል» ብሎ ያዋጣው ይሆናል። ደህናው ሁሉ በእሱ ከንቱ ቀረ።

ሌላ ለመግመድ ሲጣደፉ ከማዶ ዋይታ ተሰማ። አንጓች የምትገምደውን ቃጫ ጣለችው።

«ተዉት፤ በቃ» አለች። «እኔ ገመድ አልነበረም የያዝኩት። እናንተን ይዤ ነበር የገባሁት።»

የበሰበሰውን ጭብጥ ያዋጣው ሰውም እስኪሞት ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ ወዲያ አንጓች ዝናብ ሊገባ ሲል ወንዙ ዳር ትቀመጣለች። የእያንዳንዱን ጭብጥ ተቀብላ በእጇ ወጥራ ትስባለች። «ወለላ ጋ ያደርሳል?» ትላለች። ሌላ ቃል አይወጣትም፤ እንባም አልነበራት። እንዲሁ እንዳለች ሞተች።

ዛሬ ወንዙ ድልድይ አለው። ቢሆንም በእኛ አገር ለቤተ ክርስቲያንም ይሁን ለለቅሶ መዋጮ ሲሰበሰብ፣ «ወለላ ጋ ያደርሳል?» ተብሎ ሳይጠየቅ የሚሰጥ የለም። ያ የበሰበሰ ጭብጥ ከየትኛው ቤት እንደወጣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እናም ሁላችንም «ከኛ ቤት ይሆን?» እያልን ነው የምንሰጠው።